ቤት ስትቀይሩ አይሱዙ ይሻላል ፒክአፕ? ካርቶን ወይስ ማዳበሪያ?

ባለፉት ስምንት አመታት አራት ጊዜ ቤት ቀይሬያለሁ፣ አራቱንም እዚሁ መሀል ከተማ ነው፤ ከቀበና ካዛንቺስ፣ ከካዛንቺስ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ደግሞ አሁን ያለሁበት ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ። አንዱንም ወድጄ አይደለም፣ አንዴ ኪራይ ተጨመረብኝ፣ አንዴ ሰፈሩ ለልማት ተነሳ፣ አንዴ ደግሞ አከራዬ ልጄን ልድር ነው ቤቱን እፈልገዋለሁ አሉኝ። በዚህ ምክንያት ጓደኞቼም የስራ ባልደረቦቼም እቃ ሊጭኑ ሲሉ የሚደውሉት ለኔ ነው፣ ሁሌም የሚጠይቁኝ ደግሞ ያው ነው፣ አይሱዙ ልያዝ ወይስ ፒክአፕ ላመላልስ፣ ጫኝና አውራጅ ልቅጠር ወይስ ጓደኞቼን ልጥራ፣ ምናምን። ሁሌ በስልክ ከምደጋግመው ብዬ ነው አሁን የምጽፈው።

መሀል አዲስ አበባ ላይ እቃ ስታጓጉዙ ብራችሁን የሚበላው መንገዱ አይደለም። ከአራት ኪሎ ልደታ ቢበዛ አምስት ኪሎሜትር አካባቢ ነው፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ ሩብ ሰአት አይሞላም። የሚበላው ከበራችሁ እስከ መኪናው ያለው እርምጃና ከመኪናው እስከ አዲሱ በር ያለው ደረጃ ነው። ስለዚህ ሹፌር ከመደወላችሁ በፊት ቁጠሩ። የምሬን ነው፣ ቁጠሩ። የአራት ኪሎው ቤቴ ከበሬ እስከ አስፋልቱ 140 እርምጃ ነበር፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ቅያስ አለ። ይሄን ቁጥር ሳታውቁ ዋጋ የምትነጋገሩ ከሆነ ሹፌሩ ደርሶ ሲያየው ዋጋው ይቀየራል፣ በዛ ሰአት ደግሞ ግማሽ እቃችሁ ውጪ ነው ያለው፣ እምቢ ማለት አትችሉም።

አይሱዙ፣ ፒክአፕ፣ ወይስ ሌላ

ብዙ ሰው አይሱዙ የሚመርጠው አንዴ ጭኖ ለመገላገል ነው፣ እና ሁለቱም በር ላይ መኪና የሚደርስ ከሆነ ልክ ነው። ባለ ሁለት መኝታ ቤት ሙሉ እቃ፣ ሶፋ፣ ፍሪጅ፣ ቡፌ፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ኤንፒአር የሚባለው አይሱዙ ላይ በደንብ ከተደረደረ በአንድ ዙር ያልቃል። ክፍያውም አንድ ጊዜ፣ ጭቅጭቁም አንድ ጊዜ ነው። ችግሩ የድሮ ሰፈሮቻችን ለአይሱዙ አልተሰሩም። ቅያስ ውስጥ አይገባም፣ ከገባም ዞሮ አይወጣም፣ ካልገባ ደግሞ አስፋልት ዳር ይቆምና እናንተ ቡፌ ተሸክማችሁ 140 እርምጃ ትሄዳላችሁ።

እንደድሮው አስፋልት ዳር መቆምም ቀርቷል። የኮሪደር ልማቱ ያለፈባቸው መንገዶች፣ ከፒያሳ አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስ፣ ሜክሲኮ፣ የእግረኛ መንገዳቸው ሰፍቶ የሳይክል መስመር ገብቶላቸዋል፣ ያምራሉ፣ ግን እዛ ላይ መኪና አቁሞ ፍሪጅ መጫን የማይታሰብ ነው፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ወይ ትራፊክ ወይ ደንብ አስከባሪ ይመጣል። ለጭነት መኪናም የሰአት ገደብ ስላለ ሹፌሩን በስንት ሰአት መግባት እንደሚፈቀድለት አስቀድማችሁ ጠይቁት፣ "እኔ አውቃለሁ አታስቢ" ካላችሁ ደግሞ ቅጣት ቢመጣ ማን እንደሚከፍል ቀድማችሁ ተነጋገሩ። እኔ ሳልነጋገር ቀርቼ ከፍያለሁ።

ፒክአፕ በተቃራኒው ነው። አንድ ዙር ዋጋው ትንሽ ይመስላል፣ ሶስት ዙር ሲሆን ግን ከአይሱዙው ጋር ሊስተካከል ይችላል፣ አንዳንዴም ይበልጣል። ታድያ ምኑ ይሻላል? እስከ ግቢው በር ይገባል። ከካዛንቺስ ፒያሳ ስገባ በፒክአፕ ሶስት ዙር ነው ያመላለስኩት፣ ሁለት ሰው ብቻ ነበር የረዳኝ፣ ምክንያቱም ማንም ከአስር እርምጃ በላይ አልተሸከመም። ሁለተኛ ጥቅሙ ደግሞ በመጀመሪያው ዙር ትንንሹን አድርሳችሁ ቦታ ቦታውን ማስያዝ ትችላላችሁ፣ ሶፋው ሲመጣ መግቢያው ክፍት ሆኖ ይጠብቃል። ጉዳቱ ሁለት ሰው ያስፈልጋችኋል፣ አንዱ አሮጌው ቤት እቃ የሚጠብቅ አንዱ አዲሱ ቤት የሚቀበል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ፒክአፕ ማመላለስ ይቅርባችሁ፣ ዙር መሀል ላይ ውጪ የቀረ እቃ እግር ያወጣል።

ባለ ሶስት እግሯ የጭነት ሞተር ለተማሪና ላጤ አሪፍ ናት፣ ፍራሽ፣ ሁለት ሻንጣ፣ ቡታጋዝ፣ አለቀ። ግን ከፍ ያለ እቃ አትጫኑባት፣ ፍሪጅ ቆሞ ሲሄድባት አይቼ አይኔን ነው የጨፈንኩት። ሚኒባስ ደግሞ ወንበሩ ከወጣለትና ፖርቶመጋላ ካለው በክረምት ከፒክአፕ ይሻላል፣ ጣራ አለዋ። የመጀመሪያውን ከቀበና የወጣሁት በአንድ ላዳ ታክሲ ነው፣ ፍራሹን ፖርቶመጋላው ላይ በሲባጎ አስረን፣ ያኔ ያለኝ እቃ በሙሉ የኋላ ወንበር ላይ ገባ። አንዳንዴ ይናፍቀኛል።

በአጭሩ የኔ ምርጫ፣ ከሁለቱ በሮች አንዱ እንኳን ቅያስ ውስጥ ከሆነ ፒክአፕ፣ ሁለቱም መንገድ ዳር ከሆኑ አይሱዙ። የምትይዙት መኪና ኮድ 3 (የንግድ ታርጋ) ይሁን፣ ታርጋውን ፎቶ አንሱት፣ ቀብድ በቴሌብር ከላካችሁ ስክሪንሾቱን አስቀምጡ። ሙሉውን ቀድማችሁ አትክፈሉ፣ የመጨረሻው እቃ ቤት ሲገባ ነው የሚከፈለው።

ማን ይሸከም?

እዚህ ላይ ሶስት ምርጫ አለ፣ ጓደኛና ዘመድ፣ የሰፈር ጫኝና አውራጅ፣ እና እቃ እናጓጉዛለን የሚሉ ድርጅቶች።

ጓደኞች ነጻ ይመስላሉ፣ አይደሉም። ቁርስ አለ፣ ምሳ አለ፣ ቢራ አለ፣ ስድስት ሰው ክትፎ ቤት ወስዳችሁ ስትከፍሉ ጫኝና አውራጅ ይረክስ እንደነበር ይገባችኋል። ደግሞ ጓደኛን "ቀስ በል" ማለት ይከብዳል፣ የቲቪዬን ስክሪን የሰነጠቀብኝ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ልጅ ነው፣ ምን ልበለው? ጓደኛ ጥሩ የሚሆነው ለማሸግና ለመጠበቅ ነው። አንድ የምታምኑት ሰው ጋቢና ውስጥ ከሹፌሩ ጋር ይቀመጥ፣ አንድ አዲሱ ቤት ይጠብቅ፣ ሌላው እቤቱ ይተኛ።

ጫኝና አውራጅ ላይ ሰው ሁሉ ቅሬታ አለው፣ እኔም አለኝ፣ ግን እውነቱን እንናገር፣ ቁም ሳጥን በጀርባ አዝሎ አራተኛ ፎቅ መውጣት ሙያ ነው። ልደታ ስገባ አንዱ ልጅ ደረጃውን አይቶ "እናት፣ ይሄ ሶፋ በዚህ አይዞርም፣ እግሩን ፍቺው" አለኝ፣ እኔ ደግሞ ይዞራል ብዬ ግግም አልኩ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተቀረቀረ፣ ግማሽ ሰአት ጎረቤት ሁሉ ከስር ቆሞ ጠበቀን። ልጁ ምንም አላለኝም፣ ካቻቢቴ ብቻ ጠየቀኝ።

ዋጋ ስትነጋገሩ "ሙሉ እቃ ስንት?" ብላችሁ አትጠይቁ። ቤት አስገቧቸው፣ እቃውን በአይናቸው ይዩ፣ ፎቁን ንገሯቸው፣ መኪናው የት እንደሚቆም አሳዩአቸው፣ ከዛ አንድ ቁጥር ይጥሩ፣ ማውረዱንም ጨምሮ። ዋናው ጭቅጭቅ የሚነሳው አሮጌው ሰፈር የጫኑትና አዲሱ ሰፈር "እዚህ የምናወርደው እኛ ነን" የሚሉት ሲገናኙ ነው። ከአንድ ቀን በፊት አዲሱ ሰፈር ሂዱና የኮንዶሚኒየሙን ጥበቃ ወይም ኮሚቴ አናግሩ፣ አሰራሩን ጠይቁ፣ ባጅ ያላቸው ማህበር ካሉ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ይሄ ብቻ ብዙ ድራማ ያስቀራል።

ድርጅቶቹ ዋጋቸው ከፍ ይላል፣ በምትኩ አሽገው፣ ፈትተው፣ ጭነው፣ መልሰው ይገጥማሉ። ለማን ያዋጣል? አዛውንት ላሉበት ቤት፣ ህጻን ለያዘች እናት፣ ከስራ ፈቃድ ለማያገኝ ሰው። ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ እቃ ቢሰበር ማነው የሚከፍለው፣ በወረቀት አለ ወይ? ካላቸው ጥሩ፣ "እኛ ጋ አይሰበርም" ብቻ ከሆነ መልሱ ጫኝና አውራጅ ነው የቀጠራችሁት፣ በውድ ዋጋ።

ካርቶን ወይስ ማዳበሪያ

የሁለቱም ወገን ደጋፊ ነበርኩ፣ አሁን መሀል ላይ ነኝ። ማዳበሪያ ለልብስ፣ ለብርድ ልብስ፣ ለመጋረጃ፣ ለጫማ፣ ማለት ለማይሰበር ነገር ሁሉ ከካርቶን ይሻላል፣ ርካሽ ነው፣ በማንኛውም ቅርጽ ክፍተት ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ ዝናብ ቢነካው ቶሎ አይበጣጠስም፣ ደረጃ ላይ ደግሞ ትከሻ ላይ ይወጣል። ሶፋና ቲቪ መሀል እንደ ትራስ ይገባል። ካርቶን ለሰሃን፣ ለብርጭቆ፣ ለመጽሐፍ፣ ለሲኒ። እዚህ ላይ የሰው ስህተት ትልቅ ካርቶን መፈለግ ነው፣ ትልቁን ካርቶን በመጽሐፍ ሞልታችሁ ማንም አያነሳውም፣ ካነሳውም ቂጡ ይበረገዳል። የዘይት ካርቶን ነው ምርጡ፣ ጠንካራ ነው፣ ትንሽ ነው፣ አንድ ሰው ያለ ጭንቅ ይይዘዋል። ለሰፈር ባለሱቅ ከሁለት ሳምንት በፊት "ካርቶን አትጣልብኝ" ካላችሁት በነጻ ይሰበስብላችኋል። ብዛት ካስፈለጋችሁ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ያገለገለ ካርቶንም ማዳበሪያም ታገኛላችሁ፣ ካርቶኑን ግን አሽትቱት፣ ዘይት የፈሰሰበት ካርቶን ውስጥ የገባ ልብስ ሽታው አይለቅም።

ሰሃን በቁሙ ይደርደር እንጂ አይነባበር፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ። የጋዜጣ ቀለም ነጭ ሲኒ ላይ ይለቃል፣ ስለዚህ ለሲኒ አሮጌ ቲሸርት ወይም ካልሲ ተጠቀሙ፣ አንድ ካልሲ አንድ ሲኒ፣ እንደተሰራለት ነው የሚገባው። ጀበና ብቻዋን፣ ጋቢ ውስጥ፣ በሰው እጅ። አንገቷ እንደምታውቁት ነው።

ምጣድ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ቤት የሚሰበረው እሱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ከላይ ሲታይ ብረት ስለሆነ ጫኞቹ እንደ ብረት ይወረውሩታል፣ ውስጡ ግን ሸክላ ነው። ላዩ ላይ ምንም አይጫንም፣ በጎኑ አይቆምም፣ ፍራሽ ላይ ጠፍጣፋውን ተኝቶ ይሄዳል ወይም ጋቢና ውስጥ ጭን ላይ። ሌላው ደግሞ አዲሱ ቤት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት መስመሩን አሳዩ፣ ምጣድ ወደ 3 ኪሎዋት ተኩል ይጎትታል፣ የተራ ሶኬት ስራ አይደለም። አንዳንድ ኮንዶሚኒየም እንጀራ የሚጋገረው ኮሙናል (ነዋሪው በጋራ የሚጠቀምበት) ቤት ውስጥ ነው፣ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ።

እርሾ ይዛችሁ የምትሄዱ ሴቶች (ወንዶችም፣ ለምን አይሆንም) ሃይላንድ ውስጥ አድርጋችሁ ክዳኑን አታጥብቁት። ይነፋል። አንዴ መኪና ውስጥ ፈንድቶብኝ ሹፌሩ የጋቢናውን ምንጣፍ እያሳየ ሲያለቅስ ነበር ማለት ይቻላል። በርበሬና ሽሮ ክዳን ባለው ባልዲ፣ ክዳኑ ዙሪያውን በፕላስተር፣ ከዛ ፌስታል። ቡታጋዝ ከሆነ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ ሬጉላተሩን ፍቱ፣ ቆሞ ይሂድ፣ ሰው ያለበት ጋቢና ውስጥ ግን አይግባ። ፍሪጅም በቁሙ ነው የሚጫነው፣ ግድ ሆኖ ከተኛ ግን አዲሱ ቤት እንደደረሰ አትሰኩት፣ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደቦታው እስኪመለስ ቆሞ ብዙ ሰአት ይቆይ፣ ባይቸኩላችሁ እስከ ማግስቱ።

ቁም ሳጥኑን መፍታት፣ እንዳለ መሸከም፣ ወይስ መሸጥ?

በብሎን የተገጠመ ከሆነ ፍቱት፣ ብሎኖቹን ፌስታል ውስጥ አስራችሁ እዛው በሩ ላይ በፕላስተር ለጥፏቸው፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ደግሞ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን እንጂ ካርቶን ውስጥ አትክተቱ፣ ታጣላችሁ። ግን ቺፕውድ ከሆነ ተጠንቀቁ፣ በተፈታ ቁጥር የብሎኑ ቀዳዳ እየሰፋ ይሄዳል፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲገጠም ይንቀጠቀጣል፣ ሶስተኛ ጊዜ በሩ አይዘጋም። ዝናብ ካገኘው ደግሞ እንደ ዳቦ ያብጣል። በሙጫና በሚስማር የተሰራው የሰፈር አናጺ ቁም ሳጥን ጭራሽ አይፈታም፣ እንዳለ ነው የሚሄደው።

ስለዚህ ሜትር ያዙና የአዲሱን ቤት ደረጃ መዞሪያ ለኩ። የ20/80 ኮንዶሚኒየሞች በብዛት አራት ፎቅ ናቸው፣ ሊፍት የለም፣ መዞሪያው ጠባብ ነው፣ ኤል ሼፕ ሶፋ ካልተከፈለ አይዞርም። በገመድ በበረንዳ በኩል የሚስቡ ልጆች አሉ፣ አይቻለሁ፣ ይሳካላቸዋል፣ ግን ከስር የሚያልፍ ሰው ስላለ ልቤ አይችልም። ሊፍት ያላቸው የ40/60 ህንጻዎች ላይ የምትገቡ ከሆነ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ሊፍቱን ጄነሬተር ያስነሳዋል ወይ፣ እቃ መጫንስ ይፈቀዳል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ አስረኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ዘመድ ይዤ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ተምሬያለሁ።

ካልዞረ ሽጡት። መሸጡ ከመሸከሙ ያዋጣል፣ በተለይ የመግዣ ዋጋው ከጫኝ ዋጋው ብዙ ካልራቀ። ግን የምትሸጡት ከሁለት ሳምንት በፊት ነው፣ ልትወጡ አንድ ቀን ሲቀራችሁ የመጣ ገዢ ችግራችሁን ያውቀዋል። የተሰበረ ወንበር፣ አሮጌ ብረት፣ ባዶ ጠርሙስ ለቆራሌው፣ የማይለበስ ልብስ ለልዋጭ፣ አንድ ባልዲ ታተርፋላችሁ፣ ባልዲው ደግሞ ለበርበሬው ይሆናል።

መቼ?

እሁድ ጠዋት 12 ሰአት ተኩል ላይ የመሀል ከተማ መንገድ ባዶ ነው፣ እኔ እሁድ ነኝ። ግን እሁድ ሁሉ አንድ አይደለም፣ ህዳር ላይ ታላቁ ሩጫ አለ፣ መስቀል አደባባይ ዙሪያው ይዘጋል፣ አንዳንድ እሁድ ደግሞ መንገድ ለእግረኛ ተብሎ ይዘጋል። መስከረም 16 ለደመራ፣ ጥር 10 እና 11 ጃንሜዳ ዙሪያ፣ የካቲት መግቢያ ላይ የአፍሪካ ህብረት ጉባኤ፣ በነዚህ ቀናት መሀል ከተማ ላይ እቃ እጭናለሁ ማለት መኪና ውስጥ ማደር ነው። የስራ ቀን ከእሁድ የሚሻለው በአንድ ነገር ብቻ ነው፣ ጫኝም መኪናም ብዙ ፈላጊ ስለሌለው ዋጋ ይወርዳል፣ በተለይ ወር መሀል ከሆነ። ሰው ሁሉ የሚቀይረው ወር መጨረሻ ላይ ነው። ማታ ግን አልመክርም፣ ደረጃው ላይ መብራት ከሌለ ሰው ይወድቃል፣ ጎረቤትም ከመጀመሪያው ቀን ይቀየማችኋል።

ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ ጠዋት ጨርሱ፣ ዝናቡ በብዛት ከሰአት ነው የሚመጣው። ሹፌሩ ሸራ አለኝ ካለ ሸራውን አሳየኝ በሉት። የኔው "አለኝ" ያለው ሸራ መሀሉ ላይ ራስ የሚያስወጣ ቀዳዳ ነበረው።

ቁልፍ ከማስረከባችሁ በፊት የውሃና የመብራት ቆጣሪውን ንባብ ፎቶ አንሱ፣ አሮጌውንም አዲሱንም ቤት፣ ካርድ ቆጣሪ ከሆነ ያለፈ እዳ እንደሌለበት አረጋግጡ። ውል ስትፈርሙ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁን (ቁጥር 1320/2016) እወቁት፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፣ ውሉም ከሁለት አመት ማነስ የለበትም። ወረዳ የምትቀይሩ ከሆነ መሸኛውን ከመውጣታችሁ በፊት ጨርሱ፣ ከወጣችሁ በኋላ መመላለሱ አሰልቺ ነው።

እና ካርቶን ላይ ጻፉ። "ኩሽና" ብቻ አይበቃም፣ አምስት ኩሽና የሚል ካርቶን ይኖራችኋል፣ "ሲኒ፣ ስኳር፣ ረከቦት፣ ዛሬ ማታ" ብላችሁ ጻፉ፣ ከላይም ከጎንም፣ ምክንያቱም ሲነባበር የላዩ አይታይም። ልደታ የገባሁ ቀን ማታ ጎረቤቶች "ቤት ለእምቦሳ" እያሉ ሲመጡ "እምቦሳ እሰሩ" ብዬ አስገባሁ፣ አስቀመጥኩ፣ ቡናው ፈላ፣ ሲኒው ግን ከአስራ ስምንቱ ካርቶን የቱ ውስጥ እንዳለ አላውቅም፣ ጠፋ። ቡናውን በሻይ ብርጭቆ ቀዳሁላቸው፣ አንዷ እትዬ ብርጭቆውን ከፍ አድርገው አዩና "አይ፣ ይሄማ ማኪያቶ ነው" አሉ፣ ሲኒው የተገኘው በሶስተኛው ቀን ነው፣ ካልሲዎቹን ለማጠብ ስሰበስብ።